ከቡዳፔስት እስከ ሱቦቲትሳ፦ በአንድ የቴአትር ሐያሲ ዱካ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከቪየና የተነሣው ባቡር ቡዳፔስት ኬሌቲ ጣቢያ ሲደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ቪየና መኖር ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ወደዚህች ከተማ ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ እንደሆነ እያወቅሁ አንድም ቀን ሳልነሣ ቀርቻለሁ። አሁንም ያስነሣኝ ከተማዋ ሳትሆን አንድ ሰው ነው። ዴዤ ኮስቶላኚ ይባላል፤ በ1885 ተወልዶ በ1936 ያረፈ ገጣሚ፣ የልቦለድ ደራሲና ተርጓሚ ሲሆን፣ እንጀራውን ይበላ የነበረው ግን በጋዜጠኝነት ነው። ከጋዜጣ ሥራው ሰፊውን ቦታ ከያዙት አንዱ የቴአትር ሂስ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት የታሪክ ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የጉዞዬን ቀናት ግን እንደ ልማዴ በራሳችን አቆጣጠር መዝግቤአለሁ።

ሃንጋሪያውያን የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሚነበበው «ኮስቶላኚ ዴዤ» ተብሎ ነው። ቪየና ያሉ ወዳጆቼ የስሙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ይደናቀፋሉ። እኛ «ኝ»ን ከፊደል ገበታ ጀምሮ ስለምናውቃት ልክ እንደ ባለቤቶቹ እንጠራዋለን።

ሻንጣዬን ማረፊያዬ አስቀምጬ በእግሬ ወደ ብላሃ ሉይዛ አደባባይ ወረድሁ። አደባባዩ የተሰየመው በአንዲት ዝነኛ ዘፋኝና ተዋናይት ስም ነው። ትራሞች ያለማቋረጥ ይመላለሱበታል፤ ከሥሩም ሜትሮ ያልፋል። ኮስቶላኚ ብዙ ምሽት የተቀመጠበት የብሔራዊ ቴአትር የቆመው እዚህ ነበር። በ1875 «የሕዝብ ቴአትር» ተብሎ የተሠራው ሕንፃ ከ1908 ጀምሮ የብሔራዊው ቴአትር ቤት ሆነ፤ በ1965 ደግሞ ለሜትሮው ሥራ ሲባል በፈንጂ ፈረሰ። እኔ ስደርስ በቦታው ተማሪዎች ቦርሳቸውን እንዳነገቡ ትራም ይጠብቁ ነበር፤ አንዲት ሴትም የሕፃን ጋሪ በአንድ እጇ እየወዘወዘች በሌላው ስልክ ታነጋግር ነበር። የቴአትር ሐያሲ የሚፈርደው መጋረጃው ሲዘጋ በሚጠፋ ነገር ላይ መሆኑን ድሮም አውቃለሁ። መድረኩ፣ ወንበሩና ግድግዳው አብረው ሲጠፉ ማየት ግን ሌላ ነው። የኮስቶላኚ የቴአትር ጽሑፎች በ1978 «የቴአትር ምሽቶች» በሚል ርእስ በሁለት ቅጽ ታትመዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ከፈረሰ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በቤቱ ውስጥ የታየው በወረቀት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ በ1894 የተከፈተው ኒው ዮርክ ካፌ አለ። ሰልፉ ረዥም ስለነበር በመስኮት አየት አድርጌ፣ የወርቅ ቅብ ጣሪያውንና የተጠማዘዙ የእብነ በረድ ዓምዶቹን ተመልክቼ አለፍሁ። በኮስቶላኚ ወጣትነት ለጸሐፊዎች ወረቀትና ቀለም በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ጠባብና ረዥም የሆነውን ወረቀት «የውሻ ምላስ» ይሉታል። «የጸሐፊ ሳህን» የሚባል፣ ቀዝቃዛ ሥጋና አይብ ከዳቦ ጋር የሚቀርብበት ርካሽ ምግብም ነበር። በ1908 የተመሠረተው ዘመናዊውን የሃንጋሪ ሥነ ጽሑፍ የወለደው «ንዩጋት»፣ ትርጉሙ «ምዕራብ»፣ የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ጽሑፍ ይቀበልና ይመልስ ነበር። ኮስቶላኚ ራሱ «ኮርኔል እሽቲ» በተባለው የ1933 መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ለእነዚያ ካፌዎች ሰጥቷል፤ ወጣቶቹ ገጣሚዎች ከጠዋት እስከ ሌሊት ብር እየተበዳደሩ፣ እየተቃለዱና የአንዱን ግጥም ሌላው እየቀደደ ሲውሉ ይታያሉ። ምዕራፉ አስቂኝ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚታየው ግን በየጠረጴዛው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተመልካች እንዳለው አውቆ እንደሚተውን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ዳኑብን ተሻግሬ ቡዳ ዋልሁ። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በስተ ምዕራብ ያለው ሠፈር ክሪስቲናቫሮሽ ይባላል። ሠፈሩን የሚያዋስነው ሰፊ ሣር ሜዳ ስሙ «የደም መስክ» ነው፤ በ1795 በንጉሡ ላይ አሢረዋል የተባሉ ሰዎች የተሰየፉበት ነው። ዛሬ ውሾች ይሮጡበታል። ከሜዳው ማዶ በአቲላ ጎዳና በኩል ወጥቼ ታቦር የምትባለውን ትንሽ ጎዳና አገኘሁ። ታቦር ለእኛ ጆሮ የተራራ ስም ነው፤ በሃንጋሪኛ የጦር ሠፈር ማለት ነው። በዚህች ጎዳና ቁጥር 12 ኮስቶላኚ፣ በ1913 ያገባት ተዋናይት ኢሎና ሃርሞሽና በ1915 የተወለደው ልጃቸው አዳም ኖረዋል። ቤቱ ጦርነቱን አላለፈም፤ እኔም የቆምሁት በሌላ ሕንፃ ፊት ነው። አንድ ሽማግሌ ከበሩ ወጥተው ቆሻሻ ጣሉና ሰላምታ በሚመስል አኳኋን ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ተመለሱ።

እዚህ የመጣሁት ግን ለቤቱ ብዬ አይደለም፤ «ኤዴሽ አና» ለተባለው የ1926 ልቦለድ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በዚሁ ሠፈር ነው። መጀመሪያው ሐምሌ መጨረሻ 1919 ነው፤ የኮሙኒስቶቹ መሪ ቤላ ኩን በአውሮፕላን ሲሸሽ የሠፈሩ ሰዎች በኪሱ ጌጣ ጌጥ ተሸክሟል እያሉ ያወራሉ። ከዚያ ወዲያ ጌቶች እንደገና ጌቶች ይሆናሉ፤ የሠራተኛ ጥያቄም ይነሣል። ቪዚ የሚባሉ ባልና ሚስት አና የምትባል ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ያገኛሉ። አና እንከን የሌለባት ናት፤ ትሠራለች፣ አትናገርም፣ አትሰርቅም፣ ብዙም አትበላም። እመቤቷ ሠራተኛዋን ለጎረቤት የምታሳያት እንደ አዲስ ዕቃ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት አና በወጥ ቤት ቢላ ሁለቱንም ትገድላቸዋለች። ደራሲው «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ አንዲት ነጠላ መልስ አይሰጥም፤ በፍርድ ቤቱም መልስ ያጣሉ። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሐበሻ ሁሉ የአንድን ቤት ወጥ ቤት፣ የአንዲትን ልጅ ዝምታ ያስታውሳል ብዬ እገምታለሁ። እኔ ያስታወስሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ሐያሲነቱ ጎልቶ የታየኝ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አናም ተፈርዶባታል፤ ታሪኩ አልቋል። ከዚያ ሦስት ሰዎች ለምርጫ ቅስቀሳ በታቦር ጎዳና ሲያልፉ አረንጓዴ አጥር ያለው ቤት ፊት ይቆማሉ። በግቢው ልጅ ይጫወታል፤ ነጭ ትልቅ ውሻ አለ፤ ባለቤቱ ኮስቶላኚ የሚባል ጋዜጠኛ ነው። ሰዎቹ ያሙታል። ትናንት ኮሙኒስት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ታላቅ ክርስቲያን ሆኗል፣ ነፋሱ ወደነፈሰበት የሚሄድ ብልጥ ሰው ነው ይላሉ። ከዚያ ውሻው መጮህ ይጀምርና የተባለው ሁሉ በጩኸቱ ይዋጣል።

ሐሜቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከ1919 እስከ 1921 ኮስቶላኚ «ኡይ ኔምዜዴክ» በተባለው ቀኝ ዘመም ጋዜጣ ላይ «ፓርዶን» የሚል አምድ ያዘጋጅ ነበር። ስም ያልተጻፈበት፣ ተሳዳቢ፣ አይሁድን የሚዘልፍ አምድ ነው። ብዙ ወዳጆቹ በዚህ ተለዩት፤ ለዓመታትም እንደ ጥላ ተከተለው። አድናቂዎቹ ይህን ጊዜ ቶሎ ዘለው ያልፋሉ፤ እኔ መዝለሉ ትክክል አይመስለኝም። ያም ሆኖ፣ ሌሎችን በአደባባይ ሲፈርድ የኖረ ሰው በትልቁ ልቦለዱ መጨረሻ ራሱን በራሱ በር ላይ አቁሞ ለሦስት መንገደኞች ፍርድ አሳልፎ መስጠቱ፣ ለራሱ መከላከያም አንዲት ቃል አለመጨመሩ፣ ከጻፋቸው ሂሶች ሁሉ የከበደው ሂስ ይመስለኛል።

ስመለስ አመሻሽ ላይ በሎጎዲ ጎዳና አለፍሁ። መስኮቶች አንድ በአንድ ይበራሉ። «የንጋት ስካር» በሚባለው የ1933 ግጥሙ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሥራውን ያቆመ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በዚሁ ሠፈር መስኮት ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል። ከዋክብቱ ታላቅ የዳንስ ግብዣ ይመስሉታል፤ ሠረገላ፣ አሽከር፣ እንግዶች ሲወጡ ሲገቡ ያያል። በመጨረሻም እስከ ዛሬ የአንድ ታላቅና የማይታወቅ ጌታ እንግዳ እንደነበር ይረዳል። እዚያም ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ እርሱ ተመልካች ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከንዩጋቲ ጣቢያ በጠዋቱ ባቡር ወደ ሴገድ ወረድሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጠጋው መንገድ ሜዳ ብቻ ነው፤ የታጨደ በቆሎ፣ የተገለበጠ ጥቁር መሬት፣ ጭጋግ። ቲኬት ተቆጣጣሪው መጥተው ስልኬን አዩና በሃንጋሪኛ አንድ ነገር አሉኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ደግመው አሉኝ፤ ደግሜ ነቀነቅሁ። የነገሩኝ የባቡሩ የኋላ ሠረገላዎች ሌላ ቦታ ላይ እንደሚቀሩ ይሁን፣ ስለ አየሩ ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ሴገድ በሰላም ደርሻለሁ።

ይህ በራሱ በ«ኮርኔል እሽቲ» ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። እሽቲ በባቡር ቡልጋሪያን ሲያቋርጥ ሌሊት ላይ ከቡልጋሪያዊ ተቆጣጣሪ ጋር ይገናኛል። ከቡልጋሪኛ የሚያውቀው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ውይይቱን የሚመራው እርሱ ነው። ተቆጣጣሪው ይስቃል፣ ይተርካል፣ ደብዳቤ ያወጣል፣ በመጨረሻም ያለቅሳል። እሽቲ አንዲት ቃል ሳይገባው «አዎ» እያለ ያስኬደዋል፤ ከዚያም በአንድ ቅጽበት «አይ» ብሎ ያስደነግጠዋል። በሳቅ የሚነበብ ታሪክ ነው፤ ሆኖም አንድ ተዋናይ ያለ ቃል፣ በፊቱና በዝምታው ብቻ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ ዓመታት በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

ሴገድ ለእርሱ የፈተና ከተማ ናት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለ በትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ውስጥ ከመምህሩ ጋር ተጋጭቶ ከትውልድ ከተማው ከሱቦቲትሳ ጂምናዚየም፣ ማለትም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ተባረረ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የገዛ አባቱ ነበሩ፤ እርሳቸውም አላዳኑትም። በ1903 የማትሪክ ፈተናውን እዚህ በግል ተፈትኖ አለፈና ቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ከሚሃይ ባቢችና ከሴገዱ ተወላጅ ከጁላ ዩሃስ ጋር ተወዳጀ፤ ሦስቱም የዘመናቸው ታላላቅ ገጣሚዎች ለመሆን በቁ። በመካከል አንድ ጊዜ ቪየናም ሄዶ ተምሯል። ትምህርቱን ግን ሳይጨርስ በጋዜጠኝነት ቀረ።

ከተማዋን በዝናብ ስለዞርኋት ብዙ የምጽፈው የለኝም። የቴአትር ቤቱን አየሁ፤ በ1883 ተከፍቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ተቃጥሎ ወዲያው እንደገና ተሠርቷል። ጫማዬ ውሃ ስለገባው ማታውን ማሞቂያው ላይ ሰቅዬ አደርሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ከሴገድ እስከ ሱቦቲትሳ የባቡሩ መንገድ አጭር ነው፤ በመካከሉ ግን የአውሮፓ ኅብረት ድንበር አለ። የሃንጋሪ ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃዴን አገላብጦ አየ፤ ቀጥሎ የሰርቢያው መጣ። ከእኛ ፓስፖርት ጋር የሚጓዝ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሌሎች ተሳፋሪዎች ማኅተም ተመትቶላቸው ሻይ ሲጠጡ እኔ ገና «ለምን ትሄዳለህ?» ለሚለው መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። «አንድ ጸሐፊ የተወለደበትን ቦታ ለማየት» አልሁት። ፖሊሱ ትከሻውን ነቅንቆ ማኅተሙን መታ።

ኮስቶላኚ መጋቢት 29 ቀን 1885 ሲወለድ ከተማዋ ሳባድካ ትባል ነበር፤ ያለችውም ሃንጋሪ ውስጥ ነው። በ1920 በተፈረመው የትሪያኖን ውል ለአዲሱ የሰርቦች፣ ክሮአቶችና ስሎቬኖች መንግሥት ተሰጠች። አባትና እናቱ ማዶ ቀሩ፤ እርሱ ወላጆቹን ለማየት ድንበር የሚሻገር ሰው ሆነ። አባቱ በ1926 ሞቱ።

ከጣቢያው እንደወጣሁ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣውን የከተማ አዳራሽ አየሁ። ግንቡ 76 ሜትር ነው፤ ጣሪያው በሚያብረቀርቅ ሸክላ ተሸፍኗል፤ በሩና ደረጃው የአበባ ጥልፍ ይመስላል። እኔም አነሣሁ። ሆኖም የተሠራው ከ1908 እስከ 1912 ስለሆነ፣ የኮስቶላኚ ልጅነት ይህን ግንብ አያውቀውም፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለችው ከተማም ዝቅተኛ፣ አቧራማ፣ ቀትር ላይ የምታንቀላፋ ከተማ ናት። «ሻርሴግ» ይላታል፤ የጭቃ ጥግ እንደ ማለት ነው። ወደዚያችኛዋ ከተማ የሚያስገባ ነገር ፍለጋ ወደ ጂምናዚየሙ ሄድሁ። የ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ሕንፃ ነው፤ ዛሬም ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆች ደረጃው ላይ በርገር ይበሉ ነበር። አባቱ ሒሳብና ፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። «ወርቃማው ዘንዶ» በተሰኘው የ1925 ልቦለዱ ተማሪዎቹን የሚወድ፣ በመጨረሻ ግን በተማሪ ተደብድቦና ተዋርዶ ራሱን የሚያጠፋ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር አለ። «ዘንዶ» የተባለው ልጆች የሚያበርሩት የወረቀት አሞራ ነው።

ከጂምናዚየሙ ጥቂት ራቅ ብሎ ቴአትር ቤቱ አለ። ይህን ቦታ ለማየት ስል ነው የድንበሩን ጥያቄ የታገሥሁት። የመጀመሪያው ሕንፃ በ1854 ተከፈተ፤ በ1915 ተቃጠለ፤ ኋላም ታድሶ ሲያገለግል ቆይቶ በ2007 አብዛኛው ክፍሉ ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት ጀመረ። የፊት ዓምዶቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። ዓምዶቹ ወፍራሞችና ረዣዥሞች ናቸው፤ ከአንዱ ሥር ቆሜ ወደ ላይ ስመለከት ራሳቸው ላይ የተቀረጸው ቅጠል ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። ቀዝቃዛውን ድንጋይ በእጄ ነካሁት።

«ፓቺርታ» የሚባለውን የ1924 ልቦለድ ያላነበበ ሰው ይህ ሁሉ ለአንድ ዓምድ ምን ያደርግለታል ይል ይሆናል። ፓቺርታ የአንዲት ዘማሪ ወፍ ስም ነው፤ በመጽሐፉ ግን የአንዲት መልክ ያልቀናት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ያላገባች ልጅ የቤት ስም ነው። ጊዜው መስከረም 1899 ነው። ልጅቱ ለአንድ ሳምንት ዘመድ ጋ ስትሄድ፣ ለብዙ ዓመት በእርሷ ምክንያት ከዓለም ተለይተው የኖሩት አሮጌ አባትና እናት ብቻቸውን ይቀራሉ። መጀመሪያ ያዝናሉ። ከዚያ ምግብ ቤት መሄድ ይጀምራሉ፤ ልጃቸው ጨጓራ ይጎዳል ብላ የከለከለቻቸውን ቅመም የበዛበት ወጥ ይበላሉ፤ ቀጥሎም ለዓመታት ያልረገጡት ቴአትር ቤት ይሄዳሉ። የሚታየው «ጌይሻ» የሚባል በዚያን ጊዜ በየአገሩ ይዞር የነበረ የእንግሊዝ ኦፔሬታ ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን መድረኩን ይገልጽልን ነበር። ኮስቶላኚ የበለጠ ያደረው ወንበሮቹ ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያይ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ሰዎች ሽማግሌዎቹን አይተው እንዴት እንደተደነቁ፣ አባትዬው መድረኩ ላይ ያለችውን ተዋናይት ሲያይ የተሰማውን ደስታና እፍረት። በሳምንቱ ማብቂያ አባት ሰክሮ ገብቶ፣ ሁለቱም ሲያስቡት የኖሩትን ይናገራል፤ ልጃችን አስቀያሚ ናት፣ ብትሞት በተሻላት ነበር ይላል። በማግሥቱ ባቡሩ ብዙ ዘግይቶ ልጅቱን ይመልሳታል፤ ኑሮም እንደነበረ ይቀጥላል።

ሂስ ሲጽፍ መድረኩን፣ ልቦለድ ሲጽፍ አዳራሹን ያይ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዛሬ በሱቦቲትሳ በስሙ የሚጠራ የሃንጋሪኛ ቴአትር አለ፤ የተመሠረተው በ1994 ነው። ሐያሲ በስሙ ቴአትር ሲከፈትለት ብዙ አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ ያሉትን ማስታወቂያዎች ቆሜ አነበብሁ፤ ወይም አየሁ ማለት ይሻላል።

ሌላም ሰው እዚህ አለ። የአጎቱ ልጅ ጌዛ ቻት፣ እርሱም የዚችው ከተማ ልጅ፣ ሐኪም፣ የሙዚቃ ሐያሲና አስፈሪ አጫጭር ልቦለዶችን የጻፈ ሰው ነበር። የሞርፊን ሱሰኛ ሆነ፤ በ1919 ሚስቱን በጥይት ገደለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወደ ቡዳፔስት ለማምለጥ ሲሞክር በአዲሱ ድንበር ላይ የሰርብ ወታደሮች ሲያስቆሙት መርዝ ወስዶ ሞተ። ኮስቶላኚ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነበውና የሚያስነብበው ይህንን ሰው ነበር። ማታ ስመለስ ባቡሩ ድንበሩ ላይ በጨለማ ሲቆም ፖሊሶቹ በባትሪ ከወንበር ሥር ያበሩ ነበር። ስለ ቻት አሰብሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ወደ ቡዳፔስት ተመልሼ ማታ ቪግሲንሃዝ ገባሁ። ስሙ «የደስታ ቴአትር» እንደ ማለት ነው፤ በግንቦት 1 ቀን 1896 ተከፍቷል፤ የነደፉትም የሴገዱን ቴአትር የነደፉት ሁለት የቪየና አርክቴክቶች ናቸው። በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድቶ በ1951 እንደገና ተከፍቷል። በአዳራሹ ላይኛው ሰገነት ርካሽ ወንበር ያዝሁ። ቋንቋው ስለማይገባኝ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ መድረኩን ትቼ ሰዉን ማየት ጀመርሁ። ከፊቴ ያሉ አሮጊት በተወሰነ ቦታ ላይ ከተዋናዩ ቀድመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ቃሉን በቃላቸው ያውቁታል። ከጎናቸው ያለው የልጅ ልጅ የሚመስለኝ ወጣት ስልኩን በጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ያያል፤ እርሳቸው ሲስቁ እርሱም ዘግይቶ ይስቃል።

ማረፊያዬ ስገባ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ዘመን የጋዜጣ ሐያሲ ከአዳራሹ ወጥቶ ለነገው ጠዋት ጽሑፉን ያደርስ ነበርና፣ እኔም እስቲ ልሞክረው ብዬ ሰዓት አስቀምጬ ተቀመጥሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሮጊቷ ከንፈር ያለፈ አንድም ዐረፍተ ነገር አልወጣኝም። ኮስቶላኚ «አ ሄት»ን፣ «ንዩጋት»ንና «ፔሽቲ ሂርላፕ»ን ለመሳሰሉ ጋዜጦችና መጽሔቶች በየሳምንቱ ጽፏል፤ በዚያ ላይ «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ «የክረምት ተረት»ንና «ንጉሥ ሊር»ን ወደ ሃንጋሪኛ መልሷል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን ለእኛ እንደመለሱልን ማለት ነው። ራሱ የጻፋቸው ጥቂት አጫጭር ተውኔቶች ግን እንደ ልቦለዶቹ አልተሳኩለትም። ለመድረክ የነበረውን ጥማት ያወጣው በልቦለድ ነው። የ1922ቱ «ደም አፍሳሹ ገጣሚ» ስለ ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ነው፤ ተሰጥኦ የሌለው፣ ግን ሁሉ ሰው በግዴታ የሚያጨበጭብለት ባለ ሥልጣን አርቲስት ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን መጽሐፉን አንብቦ ያደነቀበት ደብዳቤ በጀርመንኛው እትም መግቢያ ሆኖ ወጥቷል። እውነት የሚናገር ሐያሲ የሚገደልበት አገር፣ ለአንድ ሐያሲ ከዚህ የከፋ ሕልም ይኖረዋል?

በኮስቶላኚም ላይ ተፈርዶበታል። በ1906 ታላቁ ገጣሚ ኤንድሬ አዲ ፓሪስ በነበረ ጊዜ በጋዜጣ የተካው እርሱ ነው። በ1907 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ሲወጣ አዲ «የሥነ ጽሑፍ ጸሐፊ» የሚል፣ ከሩቅ ሙገሳ ከቅርብ መርፌ የሆነ ቃል ጣለበት። ኮስቶላኚ በ1929፣ አዲ ከሞተ 10 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የአዲን ግጥም የሚያፈርስ ረዥም ሂስ አወጣ። አገር ተንጫጫ። ሂሱን በትርጉም አንብቤዋለሁ፤ ብዙ ቦታ ላይ ልክ ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ 22 ዓመት የቆየ ቁስል ይሸታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 1፣ ሰው የሙታኑን መቃብር የሚጎበኝበት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። ኬሬፔሺ መካነ መቃብር ከኬሌቲ ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው፤ በሩ ላይ አበባ ሻጮች ጃንጥላ ዘርግተው ክሪሳንተመምና ሻማ ይሸጡ ነበር። ሁለት ሻማ ገዛሁ። በበሩ ላይ ካለው ጽሑፍ «ሲርኬርት» የሚለውን ቃል አወቅሁት፤ የመቃብር አትክልት ቦታ ማለት ነው። ኮስቶላኚ በአንድ ወቅት ከቋንቋው ውብ ያላቸውን አሥር ቃላት መርጦ ነበር፤ ነበልባል፣ ዕንቍ፣ እናት፣ መኸር፣ ድንግል፣ ሰይፍ፣ መሳም፣ ደም፣ ልብ፤ አሥረኛው «ሲር» ነው፣ መቃብር። ያው ቃል «ያለቅሳል» ማለትም ነው።

ከዋናው መንገድ አጠገብ ብላሃ ሉይዛ አለች። እብነ በረድ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሕፃናት መላእክት ከብበዋት። ሰኞ የጀመርሁት አደባባይ ባለቤት ናት። ኤንድሬ አዲም እዚሁ ነው፤ መቃብሩ በሻማ ተጥለቅልቆ ነበር። በኮስቶላኚ ሞት ግጥም የጻፈለት፣ እርሱም በሕይወቱ ያገዘው አቲላ ዮዜፍም እዚህ ነው።

የኮስቶላኚ መቃብር ሰው አልነበረበትም፤ የተቀመጡ አበቦች ግን ነበሩ። በ1933 ድዱ ላይ የወጣው ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ስቶክሆልም ድረስ ሄዶ በራዲየም ታከመ፤ ደጋግሞም ተመለሰ። በመጨረሻ መናገር አቃተው። ንግግር ሙያው የነበረ ሰው በቡዳፔስት ቅዱስ ዮሐንስ ሆስፒታል ከሚስቱና ከወዳጆቹ ጋር በቁርጥራጭ ወረቀት እየጻፈ ይነጋገር ነበር። ወረቀቶቹ ተርፈዋል። ኖቬምበር 3 ቀን 1936 ሞተ፤ 51 ዓመቱ ነበር።

ነፋስ ስለነበር የመጀመሪያውን ሻማ አብርቼ ሳልጨርስ ጠፋ። ክብሪቴ አለቀ። አጠገቤ ባለው መቃብር አበባ ሲያስተካክሉ የነበሩ እናት ቀና ብለው አዩኝና በሃንጋሪኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። «ኢገን» አልኋቸው፤ አዎ ማለት ነው። ደስ አላቸው፤ ወደ መቃብሩ እያመለከቱ ጨመሩ። «ኢገን» አልሁ። እጃቸውን ወደ ልባቸው አስጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ጥያቄ መሆኑን ከድምፁ አወቅሁ። ጥቂት ዝም ብዬ «ኔም» አልኋቸው፤ አይደለም። አፍጥጠው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቁ፤ የራሳቸውን ሻማ ከመቃብሩ አንሥተው፣ በመዳፋቸው ነፋሱን ከልለው የእኔን ከእሳቸው ለኮሱልኝ።